ስንት ኪሎ? እስከ መቼ?

(የመግቢያ ሙዚቃ ተሰምቶ ዝቅ ይላል)

  የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ክብደት መቀነሻ መርፌ ነው። ወጉን ከካዛንቺስ እንጀምረው።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው የ«ካዛ ኢንቺስ» ቤቶች ነው። ለረጅም ጊዜም የሠራተኛ፣ የሆቴልና የእንግዳ ሠፈር ሆኖ ኖሯል። ከአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አጥር ጀምሮ እስከ ኡራኤል ድረስ ከውጭ የሚመጣና ወደ ውጭ የሚመላለስ ሰው አይጠፋበትም። ስለዚህ አዲስ ነገር ቶሎ ይደርሰዋል። ፀጉር ቤት ገብታችሁ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ብትቀመጡ እንዲህ ያለ ወግ ጆሯችሁ ሊገባ ይችላል።

«አንቺ! ስንት ኪሎ ቀነስሽ?»

«ዘጠኝ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአምስት ወር። መርፌዋን እኮ ነው የምወጋው። በሳምንት አንድ ቀን።»

«በይ ለኔም አስመጪልኝ!»

ወጉ እዚህ ላይ ያልቃል። ስለ ኪሎው ተጠየቀ፣ ስለ ጊዜውም ተጠየቀ። «እስከ መቼ ነው የምትወጊው?» ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እኛ ዛሬ የምንይዘው ይህንን የቀረውን ጥያቄ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ውፍረት የእኛ አገር ጉዳይ ነው ወይ የሚል አድማጭ ይኖራል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 8 በመቶዎቹ ከመጠን ያለፈ ክብደት እንዳላቸው አሳይቷል። በአዲስ አበባ ግን ቁጥሩ 29 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚያው ጥናት፣ በዚያው አገር፣ ከመጠን በላይ የከሱት ሴቶች 22 በመቶ ነበሩ። አንድ አገር ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ተሸክሟል ማለት ነው። ከተማ ላይ ደግሞ ከውፍረቱ ጋር የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አብረው ይመጣሉ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንግባ። ምግብ ስንበላ አንጀታችን ጂ.ኤል.ፒ.-1 የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ለቆሽት «ኢንሱሊን አውጣ»፣ ለጨጓራ «ቀስ ብለህ ፍጭ»፣ ለአንጎል ደግሞ «ጠግበናል» የሚል መልእክት ያደርሳል። ችግሩ የተፈጥሮው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ መጥፋቱ ነው። ተመራማሪዎች ሥራውን የሚሠራ፣ ነገር ግን ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ነገር ፈለጉ። ከቀደምቶቹ ግኝቶች አንዱ የተገኘው በአሜሪካ በረሃ ከምትኖር ጊላ ሞንስተር ከምትባል መርዛማ እንሽላሊት ነው። ከእርሷ መርዝ የተነሣው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 ለስኳር ሕመምተኞች ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ሊራግሉታይድ፣ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ተከታትለው መጡ። ሰው ኦዜምፒክ፣ ዌጎቪ ወይም ሞንጃሮ ሲል የሚሰማው የእነዚሁ የንግድ ስም ነው። ኦዜምፒክና ዌጎቪ ሁለቱም ሴማግሉታይድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለስኳር፣ ሁለተኛው ለክብደት የተዘጋጀ ነው። ቲርዜፓታይድ ደግሞ ከጂ.ኤል.ፒ.-1 ሌላ አንድ ተጨማሪ የአንጀት ሆርሞን የሚመስል ሥራ ይሠራል።

መድኃኒቱ የታሰበው ሠርግ ደርሶባት ቀሚስ ለጠበባት ሙሽራ አይደለም። ክብደታችሁን በኪሎ ውሰዱና በሜትር የተለካ ቁመታችሁን በራሱ አባዝታችሁ ለተገኘው ቁጥር አካፍሉት። ውጤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም 27ና ከዚያ በላይ ሆኖ እንደ ግፊትና ስኳር ያለ ተጓዳኝ ሕመም ካለ፣ ሐኪም መርፌውን ሊያስብበት ይችላል።

በምሳሌ እንሂድ። የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሆነች አንዲት እናት እናስብ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 82 ኪሎ ነው። 82ን ለ2 ነጥብ 56 ብናካፍል 32 ይመጣል። ግፊትም አለባት። ሐኪሟ መርምሮ ሴማግሉታይድ አዘዘላት። ከዚህ በኋላ አብረናት እንጓዝ።

(አጭር ሙዚቃ)

የመጀመሪያው ወር። መርፌው እስክሪብቶ የሚመስል ነው፤ ቀጭንና አጭር በመሆኑ ብዙ አያሳምም። ሆድ፣ ጭን ወይም የላይኛው ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ይወጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀን። የእኛ እናት ቅዳሜን መርጣለች። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት መጠን 0.25 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህ መጠን ሰውነትን ማለማመጃ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ብትቀንስ ደግ ነው፤ ምንም ባትቀንስም አልዘገየችም።

ለውጡ ከሚዛን በፊት የሚታየው ማዕድ ላይ ነው። እሑድ ቤተ ዘመድ ተሰብስቧል። ትሪው ሞልቷል። ከሦስት ጉርሻ በኋላ እጇ ከትሪው ርቆ ይቀመጣል። እህቷ ታጎርሳታለች፤ አንዱን ተቀበለች። ሁለተኛው ሲመጣ ጉሮሮዋ እምቢ አለ። «ምነው፣ ወጡ አልጣመሽም?» ትባላለች። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ማወቅ አለበት፤ ይህቺ ሴት ወጡን አልናቀችም፣ መድኃኒቱ ጨጓራዋን አዘግይቶታል። በግድ የተሰጠ ጉርሻ ማታ በትውከት ሊመለስ ይችላል።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር። መጠኑ በየአራት ሳምንቱ ይጨምራል፤ ወደ 0.5፣ ወደ 1፣ ወደ 1.7፣ በመጨረሻም ወደ 2.4 ሚሊ ግራም። ሙሉው መጠን የሚደረሰው በ17ኛው ሳምንት ነው። ይህ ለምን ሆነ? ማቅለሽለሹ እንዲቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመውና 1961 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሴማግሉታይድ ከወሰዱት ከ100 ሰው 44ቱን አቅለሽልሿቸዋል፣ ወደ 25 የሚጠጉትን አስመልሷቸዋል። የሆድ ድርቀትና ተቅማጥም ብዙ ነው። አብዛኛው መጠኑ በጨመረ ሰሞን ይብስና በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይረግባል። ጓደኛዬ ያለችበት መጠን ላይ ልድረስ ብሎ ሁለት ደረጃ የሚዘል ሰው ግን የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ይደርስበታል። ያስመልሰዋል፣ ይደርቃል፣ መድኃኒቱንም ይጠላዋል።

መላው ምንድን ነው? በትንንሽ ሰሃን መብላት፤ ቀስ ብሎ ማላመጥ፤ ቅቤና ቅባት የበዛበትን መቀነስ፤ ጠገብኩ ባሉበት ቅጽበት ማቆም፤ ውኃ ደጋግሞ መጎንጨት። ባይረግብ ሐኪሙ መጠኑ ሳይጨምር አንድ ወር እንዲቆይ ሊያደርግ ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሳምንት መርፌው ከተዘለለ ደግሞ ወደነበረበት ከፍተኛ መጠን ዘሎ መመለስ አይገባም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ።

ስለ ጾም ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ መቆየት፣ ከዚያ ደግሞ በመርፌው ምክንያት ጥቂት ብቻ መብላት፣ የውኃ እጥረትን ያመጣል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ረመዳንም እንዲሁ ነው። መርፌውን የጀመረ ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን፣ እንደ እምነቱም የነፍስ አባቱን ወይም ኢማሙን ያማክር። የጾም ማዕድ ግን መልካም ጎን አለው። ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ባቄላው፣ አሹቁ ፕሮቲን ነው፤ ጎመኑ ለሆድ ድርቀት ይረዳል። ጥንቃቄው ለፋሲካ ሌሊት ነው። 55 ቀን ቅቤና ሥጋ ያልነካው፣ በመርፌም የዘገየ ጨጓራ፣ ከቅዳሴ መልስ በዶሮ ወጥና በቅቤ ሲሞላ ዓመት በዓሉ ሐኪም ቤት ሊያልፍ ይችላል። ለመፈሰኪያ አንድ እግርና ግማሽ እንቁላል ይበቃል። ዶሮው ለነገም አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

አምስተኛው ወር። ከላይ የሰማናት የፀጉር ቤቷ ባለወግ እዚህ ላይ ናት። በሴማግሉታይድ ጥናቶች ሰዎች በ20ኛው ሳምንት ገደማ 10 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሰዋል። የእኛ እናት ከ82 ወደ 73 ወይም 74 ኪሎ ወርዳለች። ግፊቷ ቀንሷል፣ ደረጃ ስትወጣ አታለከልክም። መንደሩ ግን ሌላ ያወራል። «ምነው ከሳሽ? ደህና ነሽ?» ሙላት የምቾት፣ ክሳት የበሽታ ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር ይህን ጥያቄ ያልሰማ ሰው የለም። መልሱን ቀድሞ ማዘጋጀት ይረዳል፤ «ሐኪም እየተከታተለኝ ነው፣ ደህና ነኝ» ማለት ይበቃል።

በዚሁ ሰሞን ፀጉር ሊረግፍ ይችላል። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ሌላው የማይታይ ኪሳራ ጡንቻ ነው። ከሚቀንሰው ክብደት ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ስብ ሳይሆን ጡንቻና ሌላ ሥጋ ነው። ለአረጋውያን ይህ አደጋ አለው፤ ጡንቻው የሳሳ ሰው ቶሎ ይወድቃል፣ ይሰበራል። መከላከያው በየማዕዱ ፕሮቲንና ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው። ለዚህ የቂርቆስ ሰው አልተቸገረም። መስቀል አደባባይ በደጁ ነው፤ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል መኪና ቆሞ እግረኛ የሚወጣባቸው እሑዶች ታይተዋል። በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የእግረኛ መንገድም ይራመዱበታል። እቤት ላላችሁ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያለ እጅ ድጋፍ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ነጻ ጂም ነው።

ከስድስተኛው ወር እስከ አሥራ አምስተኛው። ሚዛኑ መዘግየት ይጀምራል። በወር ሁለት ኪሎ የነበረው አንድ ይሆናል፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «መድኃኒቱ ለመደኝ፣ አልሠራ አለ» ይላል። እንዲያ አይደለም። ሰውነት ሲቀንስ የሚያቃጥለው ጉልበትም ይቀንሳል፤ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆን ክብደት ይቆማል። ቀደም ብለን ባነሣነው የ1961 ሰዎች ጥናት ከ68 ሳምንታት በኋላ አማካዩ ቅናሽ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ነበር፤ መድኃኒት የሌለበትን መርፌ የወሰዱት 2.4 በመቶ ብቻ ቀንሰዋል። በቲርዜፓታይድ ጥናት ደግሞ በከፍተኛው መጠን በ72 ሳምንት ወደ 21 በመቶ ደርሷል።

አማካይ ግን አማካይ ነው። በሴማግሉታይዱ ጥናት ከ100 ሰው 14 ያህሉ 5 በመቶ እንኳ አልቀነሱም፤ 32 ያህሉ ደግሞ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሰዋል። አንድ መድኃኒት፣ አንድ መጠን፣ የተለያየ ሰውነት። የጎረቤት ኪሎ ለእናንተ መለኪያ አይሆንም።

የእኛ እናት 12 ኪሎ ቀንሳ 70 ላይ ቆመች እንበል። አሁን ነው ጥያቄው የሚመጣው። «ደረስኩ። ላቁም?»

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን የሚመስል ነገር ከደም ግፊት ኪኒን እናውቃለን። ሰው ኪኒኑን ይጀምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ «ዳንኩ» ብሎ ይተወዋል፣ ግፊቱ ይመለሳል። ግፊቱን አውርዶ የያዘው ኪኒኑ ነበር። መርፌውም እንዲሁ ነው። ሴማግሉታይድ ከቆመ በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ ረኃቡ ይመለሳል። በሴማግሉታይዱ ጥናት ከተሳተፉት የተወሰኑትን መርፌውን ካቆሙ በኋላ ለአንድ ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። በእኛ እናት ብናሰላው ከ12ቱ ኪሎ 8ቱ ይመለሳል፤ 70 የነበረው 78 ይሆናል። የወረደው ግፊትም ወደ ነበረበት ያዘነብላል።

ይህ የሰነፍ ሰው ታሪክ አይምሰላችሁ። ሰውነት የለመደውን ክብደት እንደ ርስቱ ይጠብቃል፤ ሲቀነስበት ረኃብን ያበረታል፣ ወጪን ይቆጥባል። ውፍረት እንደ ስኳርና እንደ ግፊት የዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ ሕመም ነው የሚባለው ለዚህ ነው። የቀጠሉት ደግሞ ይጠቀማሉ። የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው 17,604 ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት፣ ሴማግሉታይድ የልብ ደም ሥር ድንገተኛ መዘጋትን፣ ስትሮክንና በልብና በደም ሥር ሕመም የሚመጣ ሞትን በድምሩ በ20 በመቶ ቀንሷል። ክብደታቸውም በአማካይ 10 በመቶ ያህል ቀንሶ እስከ አራት ዓመት ቆይቷል።

ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የኪስ ሒሳብ ያስፈልጋል። መድኃኒት ቤቱ የሚነግራችሁን የወር ዋጋ በ24 አባዙት። ለሁለት ዓመት የማትችሉት ከሆነ፣ ያንኑ ገንዘብ ለምርመራ፣ ለሥነ ምግብ ምክርና ለግፊት መድኃኒት ማዋል ይሻል እንደሆነ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። የማቆም ግድ ከመጣም በዕቅድ ይሁን፤ የግፊትና የስኳር መድኃኒቶች አብረው መታየት አለባቸው።

አሁን ስለሚገኝበት መንገድ። «ከዱባይ የሚመጣ ሰው አለ» የሚለው አነጋገር ለካዛንቺስ እንግዳ አይደለም። ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም መጠቀም አይገባም፤ ስለዚህ በፍሪጁ በረዶ ቤት አጠገብ አታስቀምጡት። ሻንጣ ውስጥ ስንት ሰዓት በፀሐይ እንደዋለ የሚያውቅ የለም። የተከፈተው እንደ ዓይነቱ ከ30 ዲግሪ በታች ለተወሰኑ ሳምንታት ይቆያል። መብራት በጠፋ ቁጥር መጨነቅ አያሻም፤ ግን የመመሪያ ወረቀቱን አንብቡ። ሐሰተኛም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ሐሰተኛ ኦዜምፒክ በብራዚል፣ በብሪታኒያና በአሜሪካ መገኘቱን አስጠንቅቋል። የእነርሱን ገበያ ሰብሮ የገባ፣ በእጅ ለእጅ ሽያጭ ወደ እኛ አይገባም አይባልም። ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት፣ በሐኪም ትእዛዝ ግዙ። ከተጠራጠራችሁ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 ደውሉ።

መርፌው የማይሆናቸው አሉ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትውሰድ፤ ሴማግሉታይድ ከእርግዝና ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ ይቆማል። ቲርዜፓታይድ የምትጀምር ሴት የወሊድ መከላከያ እንክብል ከሆነ የምትወስደው፣ እንክብሉ ሊደክም ስለሚችል ሌላ መከላከያ ትጨምር። በቤተሰቡ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው አይውሰድ። የቆሽት ብግነት የነበረበት አስቀድሞ ይናገር። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ከመጠን በላይ እንዳይወርድበት የእነዚያ መጠን ይታይለት፤ ዓይኑንም ይመርመር። ለቀዶ ሕክምና የምትገቡ ሰመመን ለሚሰጠው ባለሙያ መርፌውን እንደምትወስዱ ንገሩት።

አንድ ነገር በቃላችሁ ያዙ። ወደ ጀርባ የሚወጋ የማይተው የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ነገ አይባልም፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ነው። የቆሽት ብግነት ወይም የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል)

ውድ አድማጮቻችን፣ ወደ ፀጉር ቤቱ እንመለስ። ካስኩ ሥር የተቀመጠችው እህታችን ዘጠኝ ኪሎ ቀንሳለች፤ እንኳን ደስ ያላት። በአምስተኛው ወር ላይ ናት። ሚዛኑ የሚቆምበት ወር ገና ከፊቷ ነው። «ለኔም አስመጪልኝ» ያለቻት ጓደኛዋ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ስትመጣ ወጉን ከቆመበት ብትቀጥለው ምኞታችን ነው። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሄዳ ስኳሯንና ግፊቷን ትለካ፤ የወሩን ዋጋ በ24 ታባዛ፤ ከዚያ ካስኩን ከፍ አድርጋ «እስከ መቼ ነው የምትወጊው?» ብላ ትጠይቅ።